አቮካዶ የማይበላው የአቮካዶ ገበሬ

በኡሩአፓን ምድር ሦስት ሄክታር የአቮካዶ እርሻ ይዞ አቮካዶ የማይቀምስ ፍጡር ቢኖር ናዛሪዮ ሜንዲዬታ ብቻ ነበር። ጉድ እኮ ነው! ታላቅ ወንድሙ ፊዴንሲዮ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ልቡ ቀጥ ብላ በሞተ ጊዜ፣ ለቀስተኛው ሁሉ «ስብ ነው የገደለው» አለ። ናዛሪዮም ያቺን ቃል ይዞ ቤቱ ገባ። ዘይቱ፣ ለውዙ፣ የእንቁላሉ አስኳል፣ አቮካዶው ሁሉ ተባረረ። በምትካቸው «ስብ የለውም» ተብሎ የተጻፈበት ብስኩትና ለስላሳ መጠጥ ቤቱን ሞላው።

ሚስቱ ኦቲሊያ መጀመሪያ ሳቀችበት። ሁለት ዓመት ሲሞላው ግን ሳቋ አለቀ። የሰውየው ቦርጭ ገፋ፣ ጉልበቱ ከዳው፣ በጠራራ ፀሐይ ዛፍ ሥር ያንቀላፋ ጀመር። «ይሄ ሰው እጄ ላይ ሊሞትብኝ ነው» ትላለች ለብቻዋ። ሐኪም ቤት እንሂድ ስትለው ደግሞ «ሞቴን በጆሮዬ ልስማ?» ብሎ እምቢ አለ።

ነገሩ የፈነዳው በለቀማው ቀን ነው። በዚያ አገር ባለ እርሻው የመጀመሪያውን አቮካዶ ሰንጥቆ፣ በትኩስ የበቆሎ ቂጣ ላይ ጨው ነስንሶ፣ አስቀድሞ ራሱ ጎርሶ ነው ለቃሚዎቹን ምሳ የሚጋብዘው። ናዛሪዮ ሰነጠቀ፣ ጨው ነሰነሰ፣ ለለቃሚዎቹ አለቃ ለሮሴንዶ ሰጠና ከኪሱ ብስኩቱን አወጣ።

«ዶን ናዛሪዮ፣ አምናም እንዲሁ አደረጉን» አለ ሮሴንዶ ቂጣውን መልሶ እያስቀመጠ። «ምን ረጭተውበት ነው የማይበሉት? እኛስ ሰው አይደለንም?»

«ኧረ በእመቤታችን! ምንም አልረጨሁም!»

«እንግዲያው ይጉረሱ።»

ናዛሪዮ ላብ በላብ ሆነ፤ አልጎረሰም። ለቃሚዎቹ አንድ በአንድ ተነስተው በባዶ ሆዳቸው መሰላላቸው ላይ ወጡ። ኦቲሊያ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«ወይ ሐኪም ፊት ትቀመጣለህ» አለችው ክንዱን ጨምድዳ፣ «ወይ እኔ እህቴ ቤት እገባለሁ!»

ለምርመራ ደሙን ሰጠ። ውጤቱን ለመስማት ሲሄዱ የሠርግ ኮቱን ለበሰ፤ ቁልፉ ግን አልገጥም አለው።

«ምነው እንዲህ ማጌጥህ?»

«ለመጨረሻ ጊዜ እንኳ ሰው መስዬ ልታይ ብዬ ነዋ።»

ዶክተር ኢሳውራ ወረቀቱን አየችና «ልብዎ ደህና ነው። ደምዎ ውስጥ ያለው ቅባት ግን ከፍ ብሏል» አለችው።

«ስብ በአፌ ሳይዞር?»

«ለስላሳውና ብስኩቱ ናቸው። ሰውነት የተረፈውን ስኳር ወደ ቅባት ይለውጠዋል። እነሱን ይተዉ።»

«አቮካዶውስ?»

«እሱ ደግሞ ምን በደለዎት? የአቮካዶና የለውዝ ስብ ለልብ ጥሩ ነው። በልክ ይብሉ።»

ናዛሪዮ አላመነም። «ወንድሜንስ ማን ገደለው?»

«ያጨሱ ነበር?»

ኦቲሊያ ቀደመችው። «አንዱን ሲጋራ በሌላው ነበር የሚለኩሰው! ግፊቱንም አንድ ቀን ተለክቶ አያውቅም።»

«ታዲያ ስቡን ብቻውን ምን አስወቀሰው?» አለች ዶክተሯ።

ከወጡ በኋላ ናዛሪዮ የሐኪም ቤቱ ደረጃ ላይ ዘፍ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እፎይ! ኦቲሊያም አጠገቡ ተቀመጠች፤ ደረቷ ላይ የከረመው ድንጋይ ወረደላት።

«ነገ ሮሴንዶ ፊት ቆሜ ነው የምጎርሰው» አለ አፍንጫውን እየጠረገ። ቆይቶም «ኦቲሊያ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ እየተሰናበትኩሽ ነበር የምተኛው» አላት።

«ግንባሬን የምትስመኝ... ለዚያ ነበር?»

«ጠዋት ባልነሳስ ብዬ።»

እሷ እኮ በስተርጅና ፍቅር የጠናበት መስሏት ለጎረቤት ሁሉ ጉራዋን ስትነዛ ነው የከረመችው! እንባዋም ሳቋም አንድ ላይ መጡባት።

«ስማ» አለችው የኮቱን ኮሌታ አንቃ ይዛ፣ «ሞት ቀረልኝ ብለህ ዛሬ ማታ ሳትስመኝ ብትተኛ፣ እኔው ራሴ ነኝ የምገድልህ!»