ሳይሞላ የማይነሳው ታክሲ

«የሞላ! አንድ ሰው የቀረው! ሆስፒታል፣ ሆስፒታል!»

ሾፌሩ እንዲህ እያለ ሲጮህ ሚኒባሱ ውስጥ ዝንብ እንኳ አልነበረም። ጩኸቱም የእሱ ሥራ አይደለም፤ የረዳቱ ነው። ረዳቱን ሰፈርተኛው «መለከት» ይለዋል። እዚህ ሲጣራ ከወዲያኛው ጥግ ሰው ቦርሳውን አንስቶ ይሮጣል። ዛሬ ግን ትናንት ኳስ ሜዳ ሲጮህ ውሎ ድምፁ ተዘግቷል፤ አንገቱን በሻርፕ ጠቅልሎ በሩ ላይ ቆሟል። ሾፌሩ ደግሞ የሚታወቀው በሌላ ነው። ታክሲው ካልሞላ የገዛ እናቱንም አያደርስም ይባልለታል።

ዛሬ ሆስፒታሉ የጡት ምርመራ በነጻ ይሰጣል። የታክሲ ማህበሩ ወንዶች ሴቶቹን ያለ ሂሳብ ሊያመላልሱ ቃል ገብተዋል፤ በስብሰባው ላይ ቀድሞ እጁን ያወጣው ይሄው ሾፌር ነበር።

ለምን እንዳወጣ የሚያውቁት እሱና ሚስቱ ብቻ ናቸው። ሚስቱ ጡቷ ላይ አተር የምታክል ጠጣር ነገር ዳብሳ ካገኘች ሰንብታለች። «እንሂድ» ሲላት አንድ ቀን የማጥበው ልብስ አለብኝ ትላለች፣ ሌላ ቀን እንግዳ። ሰውየው እንቅልፍ አጣ። ጎረቤቶቿ ሲሳፈሩ ብታይ ትወጣ ይሆናል ብሎ ነው ታክሲውን ከቤቱ ፊት ለፊት ያቆመው።

«ሆስፒታል» ሲል የመጣለት ግን ሌላ ሰው ነው። ጉንጫቸውን የያዙ ሽማግሌ ገቡ። ምሳ ዕቃ ያንጠለጠሉ ጠያቂዎች ገቡ። እግሩ በጀሶ የታሰረ ጎረምሳም ክራንቹን አስቀድሞ ገባ።

መለከት በተሰነጠቀ ድምፅ «ጌታው፣ የምን ምርመራ እንደሆነ ተናገር እንጂ!» አለው።

«ሰው በተሰበሰበበት?»

«ታዲያ ሰው በሌለበት ልትጣራ ነው?»

ሽማግሌው በመስኮት አንገታቸውን አወጡ። «በነጻ ነው የተባለው የጥርስ አይደለም እንዴ?»

«አይደለም አባባ።»

«የምንድን ነው ታዲያ?»

ሾፌሩ ጎሮሮውን ጠረገ። «የ… የደረት አካባቢ ነው።»

«ደግ ነው፤ ሳልም አለብኝ» አሉና ተመቻችተው ተቀመጡ።

ከግቢው በር ሳቅ ተሰማ። ሚስቱ እጇ በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ ቆማ ስታየው ኖሯል።

«አንተ ሰውዬ» አለች፤ «አንተ ስሙን መጥራት ካፈርክ፣ እኔ ለማላውቀው ሐኪም ገልጬ የማሳየው በምን ዐይኔ ነው?»

ሳቋ መጨረሻው ላይ ተንቀጠቀጠ። ልብሱም እንግዳውም ሰበብ እንደሆነ ሾፌሩ ያን ጊዜ ገባው። ሚስቱ ፈርታለች።

የታክሲውን በር ይዞ መረገጫው ላይ ወጣ።

«የጡት ምርመራ! ጡት፣ ጡት! በነጻ! ሳይብስ የሚታይ! ሚስት ያለህ ሚስትህን፣ እናት ያለህ እናትህን ይዘህ ና!»

ከዚያ ባለሱቁ በመስኮቱ «አንቺ፣ ሱቁን እኔ እይዛለሁ፤ ሂጂ!» ብሎ ጓዳ ያለችውን የራሱን ሚስት ተጣራ። ጸጉር አስተካካዩም ግማሽ ጢሙ የተላጨ ደንበኛውን ወንበር ላይ ትቶ እናቱን እጃቸውን ይዞ አመጣ። ሽማግሌው ከት ብለው ሳቁና ወረዱ።

«ለሴቶቹ ቦታ ልልቀቅ» አሉ። «የእኔ ጥርስ እንደሆነ ነገም ያመኛል።»

ሾፌሩ ወደ ግቢው በር ዞረ። ሚስቱ የለችም። ገብቶ መሪውን ጨብጦ ተቀመጠ።

የጋቢናው በር ተከፈተ። ሚስቱ ቀሚሷን ቀይራ፣ ነጠላ ጫማዋን በጫማ ለውጣ ገባችና አጠገቡ ተቀመጠች።

«ልብሱን ዘፍዝፌዋለሁ» አለች ፊት ለፊት እያየች። «ስንመለስ ታጥባለህ።»

«አጥባለሁ።»

መለከት በልማዱ አንገቱን ወደ ውስጥ አስገባ። «ቆይ እንጂ፣ ገና ሦስት ሰው ይቀራል!»

ሾፌሩ ሚስቱን በጎን አያት። እጇ የበሩን መክፈቻ እንደያዘ ነው።

«ሞልቷል» አለና ሞተሩን አስነሳ።