ፊት የሌላት ሴት

እና ይህቺ ማን ናት፣ ውዳሴ ባሏን ገና ሸራው ገለጥ ሲል ነው የለየችው፣ ኢያቄም ራሱ ነው፣ ያ ሰፊ ግንባር፣ ያ ሁልጊዜ ሰው ሊያርም የተዘጋጀ የታሪክ መምህር ከንፈር፣ እብነ በረድ ሆኖ በክርኑ ደገፍ ብሎ ተጋድሟል፣ ግን አጠገቡ ያለችው፣ ትከሻዋን አቅፎ የያዛት፣ ማን ናት? ፊት የላትም። ፊቷ መሆን ያለበት ቦታ ላይ ያልተጠረበ ድንጋይ ብቻ።

ውዳሴ ሐውልት ልታዝለት ነበር የመጣችው፣ ሙት ዓመቱ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፣ ከሀይሌ ጋርመንት በታክሲ ላፍቶ ድረስ፣ ተራ ሐውልት፣ መስቀል ከላይ፣ ስም ከታች፣ አበቃ፣ ሐውልት ሠሪው ጋሽ ኢሉ ግን ስሙን ሲሰሙ መሮአቸውን አስቀመጡና የመምህሩማ ከተሠራ ቆየ እኮ ልጄ፣ ሲታመሙ ራሳቸው መጥተው አዘውኛል፣ ብለው ሸራውን ገለጡላት። ራሱ አዞ! ለሚስቱ ሳይተነፍስ!

የጥንት ሮማውያን እንዲህ ነበር የሚቀበሩት ይላሉ ጋሽ ኢሉ፣ መምህር በስልካቸው ፎቶ አሳይተውኝ ነው፣ ባልና ሚስት የድንጋይ ሣጥናቸው ክዳን ላይ ግብዣ ላይ እንዳለ ሰው ጋደም ብለው። ባልና ሚስት፣ ሰማሽ ውዳሴ፣ የሮማንማ ታውቃለች፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እራት ላይ የሰማችው እሱኑ ነው፣ ግሪኮቹ ሟቹን ከቤተሰቡ ጋር እጅ ለእጅ አጨባብጠው ይቀርጹት ነበር፣ ይላታል፣ እሷ ወጥ እያወጣች እህ ትለዋለች፣ ምናለ ደህና አድርጋ በሰማችው፣ አይ፣ አሁን እንዳትራሪ፣ የድንጋይዋን ሴት ፀጉር እዪ።

ሹሩባ። ውዳሴ ከሰርጓ ወዲህ ፀጉሯን አሳድጋ አታውቅም፣ ሹሩባ የማን ነው፣ የማርቲ፣ የትምህርት ቤቱ ላይብረሪ ሠራተኛ፣ ቀብሩ ላይ ከሚስት በላይ ያለቀሰችው፣ መጽሐፍ ልመልስ እያለ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚጠፋው ለካ፣ ወይኔ፣ ሸወደኝ፣ ሙልጭ አድርጎ ፎገረኝ፣ እና ሀና ማርያም ግቢ ውስጥ፣ ቄሱ ፊት፣ ዘመድ አዝማድ ፊት ሸራው ሲገለጥ ማርቲ በሹሩባዋ ጎኑ ተጋድማ!

ይህን ሹሩባ ያዘዘዎት እሱ ነው? ትላለች። ጋሽ ኢሉ አንገታቸውን እያከኩ፣ እሱማ የኔ ጥፋት ነው፣ የሮማው ፎቶ ላይ ያለችው ሴትዮ ፀጉሯ ጥቅልል ጥቅልል ያለ ነው፣ ሦስት ቀን ታገልኩት፣ እጄ እምቢ አለኝ፣ የማውቀውን ሹሩባ ሠራሁት፣ መምህር ሲያዩት ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሳቀ። ማመን ትፈልጋለች፣ አታምንም፣ ሽማግሌው ለሟች እየሸፈኑለት ቢሆንስ፣ ወንድ ለወንድ፣ ፊቷስ ታዲያ፣ ፊቷ ለምን ቀረ?

ፊቱማ ያንቺ ነው ይላሉ፣ መምህር፣ ሮማውያንም ፊቱን ሳያስጠርቡ የሚያቆዩበት ጊዜ ነበር አሉኝ፣ ሚስቴ ራሷ መጥታ ቅረጸው ካላለችህ እንዳትነካው፣ ገና ልጅ ናት፣ ነገ ሌላ ብታገባ ፊቷ እኔ ጎን ተጋድሞ እንዳያሳፍራት፣ አሉ። ያችን ቃል ሁለቴ አስደገሙኝ።

ሌላ ብታገባ። ምን አይቶብኝ ነው፣ ማን አለኝ፣ ማንም የለኝም፣ ማርያምን፣ ጥርጣሬዋ እንደ ልማዱ ይነሳና የሚይዘው ያጣል፣ እሷ ከማርቲ ጋር ስታጋድመው እሱ በዚያ ሕመሙ ስለ እሷ ነገ ያስብ ነበር፣ ታፍራለች፣ እስከ ጆሮዋ ታፍራለች፣ ጋሽ ኢሉ መሮአቸውን አንስተዋል፣ ፊትሽን ለመጥረብ አሥር ቀን ይበቃኛል ልጄ፣ ፎቶሽን ይዘሻል? ይዣለሁ በዪያ፣ ሚስቱ አይደለሽ፣ አፍሽን ምን ያዘው፣ ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው፣ የባሏን የድንጋይ እጅ ትነካዋለች፣ ይቀዘቅዛል፣ ትወደዋለች፣ እዚያ መተኛት ግን አትፈልግም፣ ዛሬ አትፈልግም፣ ጉርድ ፎቶዋ ቦርሳዋ ውስጥ ከመታወቂያዋ ጋር አለ።

አልያዝኩም ጋሽ ኢሉ፣ ትላለች።