የተመለሱት ገጾች

መነጽር ሠሪው ሚስት አላገባም፣ ልጅም አልወለደም። ያሉት አንዲት ታላቅ እህቱና ከሱቁ በስተጀርባ ባለችው ክፍል ግድግዳ ላይ የተደረደሩ ሥዕሎች ብቻ ናቸው። እህቱ ሥዕሎቹን «ምራቶቼ» ትላቸዋለች። ሱቁን ዘግቶ መጋረጃውን ጋርዶ እዚያ ክፍል ሲቆይባት፣ «ዛሬ ደግሞ የትኛዋ ምራቴ ናት የመጣችው?» እያለች ታበሽቀዋለች።

ሥዕሎቹ የኮሚክ ገጾች ናቸው። እሱ ልጅ ሳለ በየሳምንቱ የሚታተም አንድ መጽሔት ነበር። በጀርባ ገጹ ላይ የአንድ መስማት የተሳነው ጀልባ ቀዛፊ ታሪክ በሥዕል ይወጣበታል። ቀዛፊው ሰው ከወንዙ ወዲያና ወዲህ ያመላልሳል፤ ተሳፋሪዎቹ «አይሰማ» እያሉ የሆዳቸውን ሁሉ ፊቱ ላይ ይዘከዝኩታል፤ እሱ ግን ከንፈራቸውን ያነብባል። መነጽር ሠሪው በልጅነቱ ተብታባ ስለነበር ይህ አፉን የማይከፍት ሰው ወንድሙ ይመስለው ነበር። መጽሔቱ ሊዘጋ ሲል የወጣችው የመጨረሻዋ እትም ቤታቸው ሳትደርስ ቀረች። ቀዛፊው ምን እንደሆነ ሳያውቅ አደገ፤ ጸጉሩም ሸበተ።

የታተመውንማ ማንም ያገኘዋል። እሱ የሚያሳድደው ሠዓሊው በገዛ እጁ የሠራበትን ወፍራም ወረቀት ነው። ከታተመው በእጥፍ ይበልጣል። ጠጋ ብለው ካዩት ከጥቁሩ ቀለም ሥር ማተሚያው የማያነሣው ሰማያዊ የእርሳስ መስመር ይታያል። ሠዓሊው የተሳሳተበት ቦታ በነጭ ቀለም ተሸፍኗል። የሰዎቹ ንግግር በሌላ ወረቀት ተጽፎ፣ ተቆርጦ ተለጥፏል፤ ማጣበቂያው ዘመን ቆጥሮ ቢጫ ሆኗል። መነጽር ሠሪው እነዚህን ነገሮች በሌንስ ሲያይ መሽቶ መንጋቱን ይረሳል።

ገጾቹን የሚያመጣለት አንድ ደላላ ነው። ከብብቱ ሥር የካርቶን ቱቦ ስለማይጠፋ የገበያው ሰው «ቱቦ» ብሎ ነው የሚጠራው። መነጽር ሠሪው ያ ጥቅልል ሲፈታ ባየ ቁጥር ነፍሱ ልትወጣ ትደርሳለች።

«ስንቴ ልንገርህ? ቀለሙ ይሰነጠቃል። ዘርግተህ አምጣው!»

«ዘርግቼ ይዤ ስዞር መንገደኛው ሁሉ ሊያይብኝ?» ይላል ቱቦ።

«ቢያይስ? ለመሆኑ ከየት ነው የምታመጣቸው?»

«የማተሚያ ቤቱ መጋዘን ሲፈርስ ከቆሻሻ መሀል ነው ያተረፍኳቸው አልኩህ እኮ። እኔ ባልደርስላቸው አይጥ በልቷቸው ነበር። ስትመርቀኝ በዋልክ፣ ጭራሽ መርማሪ ትሆንብኛለህ?»

መነጽር ሠሪው አመነው። ማመን ስለፈለገ ነው እንጂ፣ መጋዘን የከረመ ወረቀት ሻጋታ ሻጋታ እንደሚል አጥቶት አይደለም። እነዚህ ገጾች የሰው ቤት ነበር የሚሸቱት፤ ሳሙና ሳሙናና የቆየ ቁም ሣጥን።

አንድ ቀን ጠዋት ሁለት አረጋውያን ባልና ሚስት ተደጋግፈው ሱቁ ገቡ። ሴትየዋ ባሏን ክንዱን ይዛ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው።

«ልጄ፣ እስቲ ዓይኑን እይልኝ» አለች። «መስመሩ ጠፋብኝ እያለ አስቸገረኝ።»

መነጽር ሠሪው ሽማግሌውን ከመሣሪያው ፊት አስቀምጦ ፊደሎቹን አስነበበው። ሰውየው እስከ ታች፣ እስከ ደቃቆቹ ድረስ አንድም ሳይሳሳት ወረደ።

«ዓይንዎ የወጣት ዓይን ነው፣ ጋሼ» አለው። «ለመሆኑ ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ቀዛፊውን ነዋ የምሠራው!» አለ ሽማግሌው፣ እንዴት አታውቅም በሚል ድምፅ። «ሐሙስ ማስረከብ አለብኝ። ቶሎ በልልኝ እንጂ፣ እዚህ እኮ ጎልተኸኛል።»

መነጽር ሠሪው ክው አለ።  ዕድሜውን ሙሉ ሊያየው የሚመኘው ሰው ፊቱ ተቀምጧል፤ አእምሮው ግን ከተዘጋ ዘመን ያለፈው መጽሔት ውስጥ ቀርቷል።

ሚስቱ መነጽር ሠሪውን ወደ ጥግ ሳብ አደረገችው። ከግራ ዓይኗ ሥር የጠቆረ ነገር አየ።

«ከራሱ ጋር አይደለም፣ እንደምታየው» አለች ቀስ ብላ። «እሱስ ይሁን፣ በሽታ ነው። እኔን የገደለኝ ሌላ ነው። የሠራው ሁሉ ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር። ቀን በቀን እየተመናመነ ነው። አንቺ ነሽ የምትሸጪው ብሎ ያዘኝ። ይኸው፣ እጁንም ማንሣት ጀምሯል። በዚህ ሁሉ ዘመን እንኳን ሊመታኝ ጮክ ብሎ ተናግሮኝ አያውቅም ነበር።»

«ሌላ ሰው… ወደ ቤት የሚገባ የለም?»

«ማን ይመጣብናል? ጠዋት ጠዋት እኔ ሰው ቤት ልብስ ልተኩስ እወጣለሁ፣ እሱ ብቻውን ይውላል። ወጥቶ እንዳይሸጥ መንገድ አያውቅም። ልጃችንም ይህንኑ አስባ ነው፤ ቸግሯት ሸጠችው ብላ ተቀየመችኝ። ካነጋገረችኝ ወራት አለፉ።»

ሴትየዋ ከቆመችበት እስከ ገጾቹ ድረስ ያለው አንድ መጋረጃ ነበር። መነጽር ሠሪው አፉን ከፈተ፤ የልጅነት መንተባተቡ ተመለሰበት። «እግዜር ያውጣዎት» ብቻ አለ። የሴትየዋን መነጽር የተሰነጠቀ ክፈፍ በሱቁ አዲስ ክፈፍ ለወጠላት፣ ሒሳብ አልቀበልም አለ፣ በር ድረስ ሸኛቸው። ሴትየዋ መረቀችው። 

ቱቦ በሚቀጥለው ሳምንት ሲመጣ መነጽር ሠሪው ኮሌታውን ይዞ ከመደርደሪያው ጋር አጣበቀው።

«ሌባ! የታመመ ሰው ቤት እየገባህ ነው የምትዘርፈው?»

«ልቀቀኝ! ማን ዘረፈ? ራሱ ነው የሚሰጠኝ!»

«እንዴት አድርጎ?»

ቱቦ ሸሚዙን እያስተካከለ ተነፈሰ። «የምትሸጠው ነገር አለ ወይ ልለው ነበር የሄድኩት። በሩን ከፍቶ ገና ሰላም ሳልለው፣ ዘገየህ ብሎ ተቆጣኝ። የመጽሔቱ መልእክተኛ መስዬው ነው። ገብቶ አንድ ገጽ አወጣና፣ በቀኑ አስረክቧል ብለህ ንገራቸው አለኝ። ምን ልበለው? መጽሔትህ ሞቷል ልበለው? ይኸው በየሳምንቱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ያለፈውን ወደዱት ወይ ይለኛል፣ ወደዱት እለዋለሁ። ያኔ ፊቱ ሲፈካ ብታየው እንዲህ አታንቀኝም ነበር።»

«ሚስቱን እየመታት ነው፣ ቁም ሣጥኑ ሲጎድልበት የሰጠህን ረስቶ ሰረቅሽኝ እያለ።»

 «እሱን አልሰማሁም» አለ ቱቦ። ወዲያው ግን የካርቶኑን ክዳን ከፈተ። «የዛሬዋን ካላየህ አትፍረድብኝ። የመጨረሻዋ ናት።»

መነጽር ሠሪው ላለማየት ፊቱን አዞረ፤ ተመልሶም አየ። ቀዛፊው ወንዙ መሀል ላይ መቅዘፊያውን ጀልባው ውስጥ አስተኝቶ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ውሃው ወደሚወስደው ይሄዳል። ገጹ ላይ አንዲት ቃል አልተጻፈችም።

«አንተ ባትወስዳት የሚሻማባት ሞልቷል» አለ ቱቦ።

ወሰዳት።

በዚያን ዕለት እራቱን ሳይነካ ተነሣ። እህቱ እንደ ልማዷ ልትቀልድ ስትል ፊቱን አይታ ቀልዱን ተወችው፤ ምን ሆነህ ነው ስትለው ሁሉንም ነገራት። እጆቿን አጣምራ እስኪጨርስ ሰማችው።

«እና አሁን» አለችው፣ «ልትመልስ ነው ወይስ አይዞህ እንድልህ ነው የነገርከኝ?»

«እመልሳለሁ፣ እትዬ።»

«መቼ?»

 ዛሬ ነገ እያለ ሰነበተ። ሰው ልክ መሆኑን እያወቀ ያንኑ ነገር ለማድረግ እግሩ እንዴት እንደሚከብድ ያየ ያውቀዋል። ጠዋት መጋረጃውን ገልጦ ሥዕሎቹን ያያል፣ እንግዲህ ይህን ሳምንት ብቻ ይላል፣ መልሶ ይጋርዳል።

ሳምንቱ ሳያልቅ አንዲት ጎልማሳ ሴት የተሰባበረ መነጽር በመሀረብ ጠቅልላ ሱቁ መጣች።

«የእናቴ ነው። ክፈፉ ላይ የእርስዎ ሱቅ ምልክት ስላለ ነው ያመጣሁት። ይጠገናል?»

መነጽር ሠሪው ክፈፉን አወቀው።  «ምን ሆነው ነው?»

«ወደቀች» አለች፤ ከዚያ ውሸቱ የሰለቻት ይመስል፣ «አባቴ ገፍትሯት ነው። ዳሌዋ ተሰብሯል። ሆስፒታል ተኝታለች» አለች። ከንፈሯን ነከሰች። «እሷም አበዛችው። የሰው የዕድሜ ልክ ሥራ እያወጡ መቸብቸብ…»

መነጽር ሠሪው ከባንኮኒው ጀርባ ወጣና መጋረጃውን ገለጠ።

ሴትየዋ ገባች። ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር አየችው። ወደ አንዱ ገጽ ቀርባ በጣቷ መስታወቱን ነካች። «ይህንን ሲሠራ ጠረጴዛው ሥር ተኝቼ ነበር» አለች ለራሷ። ከዚያ ዞረች። «እናቴ ናት የሸጠችልዎት?»

«አ… አይደሉም። እናትሽ አንዱንም አያውቁም።»

እየተንተባተበ የቱቦን ነገር ነገራት፤ በር ላይ ስለሚጠብቀው አባቷም፣ ስለ ሐሙሱም። ቃሉ እየታነቀበት፣ እየደጋገመው።  ሲጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

«እርስዎ ይህን መቼ አወቁ?»

«ዓይናቸውን ሊያሳዩ የመጡ ዕለት።»

«ያኔ እናቴ በእግሯ ትሄድ ነበር» አለች።

ሁለቱም ገጾቹን ከክፈፋቸው አውጥተው በካርቶን መሀል ደረደሩ። የመጨረሻዋ ገጽ ግድግዳው ላይ አልነበረችም፤ መሳቢያ ውስጥ ነበረች። መነጽር ሠሪው መሳቢያውን አልከፈተም። 

ሽማግሌው በሩን ራሱ ከፈተላቸው። ጺሙ አድጓል፣ የሸሚዙ ቁልፍ ተዛንፎ ተቆልፏል። ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡለት ክዳኑን አነሣና የላይኛውን ገጽ አየ። ቀጥሎ ያለውን አየ። እስከ ታች ድረስ ገለጠው።

«ሁሉንም?» አለ።

«አዎ አባዬ!» አለች ልጁ በደስታ። «ሥራህ ሁሉ ተገኘ። እማዬ አልወሰደችም፣ አየህ?»

አልሰማትም። መነጽር ሠሪውን ነበር የሚያየው። «ሁሉንም መለሱት? አንድም አላስቀሩም?»

መነጽር ሠሪው ያኔ ገባው፤ ሽማግሌው መጽሔቱ ሥራውን ሁሉ ጥሎ የመለሰበት መስሎታል።

«አልመለሱትም ጋሼ፣ ስህተት ነው። እንዲያውም ወደውታል። አሁኑኑ መልሼ ልወስድላቸው…»

«አትዋሸኝ። ሰው የወደደውን አይመልስም።» ድምፁ ላይ ቁጣ አልነበረም። ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና የመጀመሪያውን ገጽ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረ። ብዙ አየው። «ልክ ናቸው» አለ በመጨረሻ። «እጁ እጅ አይመስልም። ውሃውም ደርቋል። እንዴት አላየሁትም?»

ገጹን መሀል ለመሀል ቀደደው።

ወረቀቱ ወፍራም ነበርና ለመቀደድ አስቸገረው፤ በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ክርኑን አስደግፎ ነበር የሚቀድደው። ሁለተኛውን አነሣ። መነጽር ሠሪው ሳያስበው ዘሎ እጁን ሲዘረጋ ልጅቷ እጅጌውን ያዘችው።

«ይተውት።»

«ግን እኮ…»

«ይተውት አልኩ! የእርስዎ አይደለም።»

ቆመው አዩ። ሽማግሌው አልቸኮለም። እያንዳንዱን ወደ ብርሃኑ እያዞረ ይመረምራል፣ ጉድለቱን ይናገራል፣ ይቀድዳል። ለአንዱ ገጽ ግን ራሱን ነቀነቀና «ይቺ እንኳን ደህና ነበረች» አለ፤ እሷንም ቀደዳት። ካርቶኑ ባዶ ሲሆን ንጹሕ ወረቀት እንዲሰጡት ጠየቀ። ልጁ ሰጠችው። እርሳሱን ይዞ እስኪመሽ ተቀመጠ፤ አንዲት መስመር አላሰመረም።

ከዚያ ወዲያ በር ላይ ቆሞ ማንንም አልጠበቀም። ምግብ ሲሰጡት ፊቱን ያዞራል። ቱቦ አንድ ጊዜ መጥቶ ሲያንኳኳ ልጁ ሰድባ አባረረችው። ሽማግሌው ሚስቱ ከሆስፒታል ሳትወጣ ሞተ። አንድም ቀን ስለ እሷ አልጠየቀም ነበር።

መነጽር ሠሪው የተጠገነውን መነጽርና የመጨረሻዋን ገጽ ይዞ ሆስፒታል ሄደ። ልጅቷ አልጋው አጠገብ ሆና ለእናቷ ሾርባ በማንኪያ ትሰጣታለች፤ እናትየዋ ትቀበላታለች፣ ግን ዓይኗን ወደ እሷ አታዞርም። መነጽሩን አጠለቀላት። ገጹን ዘርግቶ አሳያት።

«ይህን ከየት አመጣኸው?» አለች።

«አ… አስቀርቼው ነበር።»

«ያንን ሁሉ ሲቀድደው ይህን ደብቀህ ኖሯል?»

«አዎ።»

ሴትየዋ ገጹን ለረጅም ጊዜ አየችው። «ታሪኩ እንዲህ ይለቅ ሲል ጨቅጭቄው ነበር» አለች። «የት እንደደረሰ ሰው እንዴት ሳያውቅ ይቀራል አልኩት። አልሰማኝም።» ወረቀቱን በጣቶቿ ጫፍ ወደ እሱ ገፋችው። «ውሰደው። ቤቴ እንዳላየው።»

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ባሌ ሌባ እያለኝ ነው የሞተው» አለች። «ይቅርታ ብልህ፣ አለመስረቄን ለእሱ ማን ይነግርልኛል?»

ልጅቷ ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አስቀምጣ ወደ ግድግዳው ዞረች። መነጽር ሠሪው ገጹን ይዞ ወጣ።

ሠዓሊው ከሞተ በኋላ ሥራውን የሚፈልገው በዛ። ሱቁ ድረስ እየመጡ የሚጠይቁትም ነበሩ፤ «አንድም የለኝም» ይላቸዋል። ክረምቱ ሊወጣ ሲል የሠዓሊው ልጅ መጣች። ከስታለች። እናቷ አሁን እሷ ጋ እንደምትኖር፣ በዱላ መራመድ እንደጀመረች ሳትጠየቅ ነገረችው።

«ትነጋገራላችሁ?» አላት።

«ጨው አቀብዪኝ፣ በሩን ዝጊው ትለኛለች» አለች። ቆየት ብላ፣ «ያቺን ገጽ ልወስዳት ነው። እማዬ እንዳታይ መሥሪያ ቤቴ አኖራታለሁ። ከእሱ ምንም የለኝም» አለች።

መነጽር ሠሪው ከመሳቢያው አወጣት። በሁለት ካርቶን መሀል ዘርግቶ፣ ዳር ዳሯን በፕላስተር አሽጎ፣ በገመድ አሰረላት፤ ዝናብ ቢመጣ ብሎ ላስቲክ ጨመረበት። አመሰግናለሁ አላለችውም፤ እሱም አልጠበቀም። በሩን ከፈተላትና ከሰው መሀል ገብታ እስክትጠፋበት ድረስ ቆሞ አያት።