ከውሃው ስልሳ እርምጃ

መጀመሪያ የተሰማው የውሃ ድምፅ ነው። እየተገፋ ይመጣና ፍስስ ብሎ ይመለሳል። ጆሃንስበርግ ክሊፕታውን ሰፈር ባለችው ጠባብ ሱቁ ጓዳ የዱቄት ከረጢት ይደረድር የነበረው ሀቢሶ፣ ቧንቧ የፈነዳ መስሎት ዘሎ ወጣ።

ቧንቧ አልነበረም። የሟች ወንድሙ የደሳለኝ ሚስት ኤርጎጌ፣ የለስላሳ ሣጥን ላይ ተቀምጣ ስልኳን ታያለች። ስክሪኑ ላይ ነጭ አሸዋ፣ ዘንባባ፣ ጃንጥላ ሥር የተጋደሙ ፈረንጆች።

«እዚህ አይደል የቀበርከው?»

እዚያው ነው። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲሰደዱ ጀልባ ሞዛምቢክ ዳርቻ ላይ ጣላቸውና፣ ደሳለኝ በወባ ነድዶ ሀቢሶ እጅ ላይ አለቀ። አካፋ አልነበራቸውም፤ አሸዋው ግን በመዳፍ ይቆፈራል። አንድ ቀን ተመልሼ አወጣዋለሁ ብሎ ሀቢሶ ከውሃው ጫፍ እስከ መቃብሩ ረግጦ ለካ፤ ስልሳ እርምጃ። ሆሳዕና ያሉት እናታቸው ደግሞ «አፅሙን ሳላይ አላለቅስም» ስላሉ፣ እስከ ዛሬ የለቅሶ ድንኳን አልተተከለም። ኤርጎጌ ጆሃንስበርግ ድረስ የመጣችው ለዚሁ አፅም ነው።

ከአምልኮ መልስ ዶክተር አለምብርሃን መጡ። ዩኒቨርሲቲ ስለ ባሕር ዳርቻ ያስተምራሉ፤ ቦታውን እንዲያሳዩአት የለመነቻቸው ኤርጎጌ ናት። ላፕቶፓቸውን ባንኮኒው ላይ ከፈቱ። ከሰማይ የተነሡ ሁለት ፎቶዎች።

«ይሄ ያኔ፤ ይሄ ዘንድሮ።»

በዘንድሮው ላይ አሸዋው እንደ ክር ቀጥኗል።

«ማነው የወሰደው?» አለች ኤርጎጌ፣ ሌባ እንደሚያፋልግ ሰው።

«እጁ ብዙ ነው ልጄ። አሸዋ አንድ ቦታ አይቀመጥም፤ ማዕበሉ ይወስዳል፣ ወንዙ ሌላ ያመጣል። አሁን ወንዙ ተገደበ። የቀረውን ለግንባታ በመኪና ጫኑት። ሆቴሎቹ ደግሞ ባሕሩ እንዳይበላቸው ግንብ ገነቡ፤ ማዕበሉ ግንቡን መትቶ ሲመለስ ከሥሩ ያለውን ጠርጎ ይሄዳል።»

«የኛ እኮ ስልሳ እርምጃ ነው!» አለ ሀቢሶ ተሽቀዳድሞ። «ሩቅ ነው።»

«ስትለካ ውሃው ሸሽቶ ነበር ወይስ መጥቶ?»

ሀቢሶ ሳቀ። «ውሃ ምን እግር አለው ዶክተር? ሐይቅ አይቼ የማላውቅ መሰልኩዎት?»

እሳቸው አልሳቁም። «ባሕር እንደ ሐይቅ አይደለም። በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፤ ሁለት ጊዜ ይመለሳል። እዚያ አካባቢ ሲሸሽ ከመቶ እርምጃም ያልፋል፤ ሲመለስ ያንኑ ሁሉ ይሸፍናል።»

ሀቢሶ መዳፉን አየ። ያን ዕለት የቆፈረው አሸዋ እርጥብ ነበር። ስላልተናደበት «ጌታ ይመስገን» ብሎ ነበር።

«ስልሳ አላልከኝም?» አለች ኤርጎጌ። «ይሄን ሁሉ ዓመት ስልሳ፣ ስልሳ ስትለኝ!»

«ለካሁት እኮ። በእግሬ ለካሁት።»

«ሳውቦና ማይ ፍሬንድ! ኤርታይም!» አለ አንድ ደንበኛ ከብረት ፍርግርጉ ማዶ። ሀቢሶ የስልክ ካርዱን አቀበለው፤ የገንዘቡን መልስ መስጠት ግን ረሳ፤ ሰውየው ሁለቴ ጠራው።

ዞር ሲል ኤርጎጌ ሽርጧን ፈትታለች። ቦርሳዋን ከሚስማሩ ላይ አወረደች።

«ወዴት ነው?»

«ባሕሩ የተወው ካለ፣ ሄጄ በዓይኔ አያለሁ» አለችው። የብረት በሩን ከፍታ ወጣች፤ ከመንገዱ ማዶ ሰው እየጠበቀ የቆመ ታክሲ ውስጥ ገባችና በሩን ሳበችው።