የእማዬ በርሜል ቢምቢዎች

እማዬ ከሞተች ወዲህ አባዬ በራችን ላይ ሰማያዊ በርሜል አስቀምጦ ማለዳ ማለዳ ውሃ ይሞላል። በፒያሳ በኩል ወደ መስጊድ የሚያልፍ ሁሉ እጅ እግሩን ታጥቦ ውዱእ ያደርግበታል፤ ምንዳው ለእሷ ነው። ክዳን አለው፣ መልሶ የሚከድን ሰው ግን እስካሁን አልተወለደም።

ባለፈው ግንቦት አባዬን ልጠይቅ ብሄድ ጎረቤታችን ናዝራዊት አራስ ልጇን አቅፋ ጠበቀችኝ።

"ኢክላስ፣ ከዚህ በርሜል የሚወጣው ቢምቢ ልጄን ጨረሰው። ወባ ያመጣል?"

የነፍሳት ተመራማሪ ነኝና ከእኔ መልስ ይጠበቃል። ግድግዳው ላይ ጭራዋን ሰቅላ ያረፈች አንዷን በጣቴ ለቀም አደረግኳት።

"ከወባ ትንኝ ወገን ናት። ግን እንደ እህትማማች የሚመሳሰሉ አሉ። አንዷ አደገኛ ናት፣ ሌላዋ ያን ያህል አታሰጋም።"

"ከጠረጠሩ ይመንጥሩ ነው" አለች ናዝራዊት በርሜሉን እያየች።

"በአንድ ምስክር አይፈረድም" አለ አባዬ። "መርምሪያት።"

ከበርሜሉ እጮችም ቀድቼ ወደ ቤተ ሙከራ ወሰድኩ። ግድግዳው ላይ የያዝኳትን ቢምቢ በማይክሮስኮፕ ሳያት የክንፏ ነጠብጣብ የአደገኛዋ ነው። ክው አልኩ። የእማዬን ሶደቃ ድፋው ብዬ ለአባዬ እንዴት እነግረዋለሁ?

የሥራ ባልደረባዬ ተክላይ ጎንበስ ብሎ አየና፣ "በእጅሽ ነው እንዴ የያዝሻት? የክንፏ ቅርፊት እኮ ረግፏል። ነጠብጣብ የመሰለሽ እሱ ነው" አለኝ። ተናደድኩ፤ ልክ ነበራ። የእጮቹን ፀጉር ስንመረምር ወደማታሰጋዋ አደላ። ክንፍ አንድ ይላል፣ እጭ ሌላ፤ ስለዚህ ዘረመሏ እንዲመረመር ላክን። ሳምንታት አለፉ። አባዬ በስልክ አንድም ቀን አልጠየቀኝም።

ውጤቱ ሲመጣ ዘረመሉም ከእጮቹ ጋር ተስማማ። ቴዎድሮስ አደባባይ ያለውን የታክሲ ሰልፍ መጠበቅ አቅቶኝ ቸርችልን በእግሬ ወጣሁት። በደስታ እያለከለክሁ ደረስኩ።

በርሜሉ ተደፍቶ፣ ቂጡ አቧራ ለብሷል።

"መቼ ደፋኸው?"

"አንቺ እጮቹን ይዘሽ የሄድሽ ዕለት።"

"በአንድ ምስክር አይፈረድም ያልከው አንተ አይደለህ?"

"አልፈረድኩም። አንቺ እስክታውቂ ሕፃኑ ይነደፍ? እናትሽ ብትኖር ትጠብቅ ነበር?"

አትጠብቅም ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ስለ እማዬ የምጨነቀው እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ አፈርኩ።

ናዝራዊት ውጤቱን ስትሰማ ወደ ቤቷ ገባች። ስትመለስ ልጇን በጀርባዋ አዝላ፣ በአንድ እጇ ቁራጭ አጎበር፣ በሌላው ጀሪካን ይዛለች።

"ጋሽ ሙሄ፣ በርሜሉን ቀና ያድርጉልኝ" አለችው አባዬን። አጎበሩን በበርሜሉ አፍ ላይ ወጥራ አሰረችው፤ የመጀመሪያውን ውሃ እሷ ጨመረች።