ቦቴውን በጀልባ የለወጠው ሰው

ሐይቁ በመጣበት ሰሞን ካፒቴን ገና ካፒቴን አልተባለም። ለከተማዋ የመጠጥ ውኃ ከሩቅ ጉድጓድ የሚያመላልስ የቦቴ ሹፌር ነበር። ከከተማዋ በታች የተዘረጋው የጨው ሜዳም ሜዳ ነበር፤ ጨው ቆራጮች በአካፋ ይቆርሱታል፣ የጭነት መኪና ይመላለስበታል። ታዲያ ያን ዓመት ከዚህ ሆኖ በማይታይ ተራራ ላይ የጣለ ዝናብ ደረቁን ወንዝ ሞልቶ ወረደና ሜዳው ላይ ተኛ። መውጫ የለው፣ ወዴት ይሂድ? ሰዉ ጠዋት በሩን ሲከፍት ማዶው የማይታይ ውኃ ጠበቀው። ጥልቀቱ ከጉልበት አያልፍም፤ ግን ስፋቱን ያየ ሁሉ ጥልቀቱን መጠየቅ ረሳ።

ከሁሉ ብሶበት ያበደው ሹፌራችን ነው። የሚስቱ ወንድም ባሕር ጠረፍ ዓሣ ሲያጠምድ ኖሮ በቃኝ ብሎ ሲመለስ፣ ለበር እንጨት ትሆነኛለች ያላትን አሮጌ ጀልባ ጓሮው አጋድሞ ነበር። ሹፌሩ አማቹን ሊያታልል ዓይኑን በጨው አጥቦ ሄደ።

"ቦቴዬን ውሰድና ጀልባህን ስጠኝ" አለው።

አማቹ ትክ ብሎ አየው። "አሞሃል?"

"ሐይቅ ደጃፉ ድረስ መጥቶለት ውኃ በመኪና የሚያመላልስ ነው ያመመው።"

"ጨው እኮ ነው። አይጠጣም።"

"ማን ጠጡ አላቸው? ይንሸራሸሩበታል።"

ሚስቱ ለመነችው። ዓመታት ሙሉ ጋቢና ውስጥ አጠገቡ ተቀምጣ በየሰፈሩ ውኃ ስታከፋፍል የኖረች ሴት ናት፤ ቤታቸው በምን እንደቆመ አሳምራ ታውቃለች። "ቢደርቅስ ምን ልንበላ ነው?" አለችው። "አንቺ ደግሞ ማሟረት ትወጃለሽ" አላትና ቁልፉን ለወንድሟ አስረከበ።

እውነቱን ለመናገር ለጥቂት ወራት ጌታ ሆነ። ነጭ ባርኔጣ ገዛ። ሙሽሮች ተሳፈሩ፣ መምህራን ተሳፈሩ፣ ሥራቸውን ውኃ የዋጠባቸው ጨው ቆራጮች እንኳ ሲሰለቻቸው ተሳፈሩ። ከየት እንደመጡ የማይታወቁ ወፎች ዳሩን ሞሉት። ማታ እራት ላይ ካፒቴን ስለ ማዕበል ያወራል፤ ሚስቱ ታዳምጣለች።

ከዚያ ፀሐይ ሥራዋን ጀመረች። ውኃው ነጭ ነጭ መስመር እየተወ ወደ መሐል ሸሸ፤ ወፎቹም ማንንም ሳይሰናበቱ ሄዱ። ካፒቴን ግን መልስ አላጣም። አንድ ጊዜ ኃይለኛ ነፋስ ያን ስስ ውኃ ወደ ማዶ ገፍቶ በማግሥቱ መልሶት ስለነበር፣ "ነፋስ ነው የወሰደው፤ ራሱ ይመልሰዋል" ይላል። ይህን እያለ ጀልባውን ውኃው ወደሸሸበት ይጎትታል። ተሳፋሪዎቹ ግማሹን መንገድ ተቀምጠው፣ ግማሹን ወርደው እየገፉ ይሄዱ ጀመር።

"ካፒቴን፣ እየገፋን ከሆነ ምኑን ተሳፈርነው?" ሲሉት፣ "ለጤና ጥሩ ነው" ይላቸዋል።

በመጨረሻ የሚገፋም ጠፋ። ካፒቴን መሐል ሜዳ ላይ፣ በቀረችው ቀላ ያለች ኩሬ ውስጥ ጀልባው ላይ ብቻውን መዋል ጀመረ። ሐይቁ እንደሄደ ልቡ ያውቃል። ግን ይህን አምኖ ከወረደ አማቹ ፊት ቆሞ "ሥራ ስጠኝ" ማለት ሊኖርበት ነው፤ ከዚያ ደግሞ ሞት ይሻለዋል።

አንድ ቀን የያዘው የመጠጥ ውኃ አለቀበት። ከንፈሩ በጨው ተሰነጣጥቆ ሲቃትት ሚስቱ ጄሪካን አንጠልጥላ፣ እስከ ባቷ ጭቃ ለብሳ መጣች።

"ነፋሱ አልመጣም?" አለችው።

"ይመጣል።" ተቀብሎ ጠጣ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለውና ጄሪካኑን ከአፉ አወረደ። "ከወንድምሽ ቦቴ ነው?"

"ሌላ ቦቴ አለ እንዴ?"

ባርኔጣውን አወለቀ። "እሺ፣ ነገ ሄጄ እለምነዋለሁ። ዓሣ አጥማጅ መኪና የት ያውቃል? ሹፌር ሳይፈልግ አይቀርም።"

"ሹፌር አለው።"

"ማንን ቀጠረ?"

"እኔን። አንተ ሰው ስታንሸራሽር መንጃ ፈቃድ አወጣሁ።"

ከተማው ሁሉ ያየውን ነገር ካፒቴን ብቻ አላየም፤ ጠዋት ከእሷ ቀድሞ ይወጣል፣ ዓይኑ ቀኑን ሙሉ ውኃው ላይ ነው። ይህን ሁሉ ወር እራት ላይ ሲለፈልፍ "አንቺስ እንዴት ዋልሽ?" ብሎ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቃትም። አፈረ፤ ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ፀጉሩ አፈረ።

"ረዳትስ?" አለ ቀስ ብሎ።

"ረዳቱ ወንድሜ ነው። ቱቦ መዘርጋት ለምዷል።" ጄሪካኑን ተቀበለችው። "ነገ የእኛ ሰፈር ተራ ነው። እስካሁን ጎረቤት ነበረች የምትሰለፍልን፤ አሁን አንተ ትሰለፋለህ። እኔ መሪ ይዤ መሰለፍ አልችልም።"

ከጀልባው ሲወርድ ጭቃው ጫማውን ነጥቆ አስቀረበት። እሷ ርቃለች።

"ቀስ በይ እንጂ፣ ልድረስብሽ" አላት።

"ሰው ውኃ እየጠበቀኝ ነው" አለች፤ ዞር ብላም አላየችው።