በአንገት የተሰጠ ቃል

መኪናዬን የሚሰድብ ሰው አልወድም። ሶዶ ውስጥ ግን ሥራ የፈታ ሁሉ ይሰድባታል። መናኸሪያው አጠገብ የሚቆሙት የባጃጅ ልጆች ሳልፍ «እትዬ አስናቀች፣ ወፍጮ ቤቱን ወዴት ይዘሽው ነው?» ይሉኛል። እርግጥ ነው፣ ቆማ ሞተሯ ሲሠራ ትንቀጠቀጣለች። ማርሽ ሳስገባም ከሥሯ አንድ ነገር ጓ ይላል። ግን ባሌ ሲያርፍ ትቶልኝ የሄደው እሷን ነው። በእጅ የተሸመነ የዱንጉዛ ልብስ ጭኜባት እየነገድኩ የወንድሜን ልጅ ይስሐቅን ያሳደግሁት በእሷ ነው፤ ብትንቀጠቀጥ ማን ይከለክላታል?

ጋራዥ ያለው ያሬድ ባየኝ ቁጥር «የሞተር ጎሚኒዋ አልቋል» ይለኛል። ጎሚኒ የሚለው ሞተሩ የሚቀመጥበትን ወፍራም ላስቲክ ነው። ላስቲኩ ከተበላ የሞተሩ መንቀጥቀጥ በሙሉ ወደ ቦዲው ይመጣል አለኝ። ዕቃ ሊሸጥልኝ ፈልጎ ነው ብዬ አልሰማሁትም።

ዘንድሮ ይስሐቅ ዲምቱ የተወለደችውን ሜላትን ካላገባሁ አለ። ዩኒቨርሲቲ አብረው ተምረው እዚያው ነው የተዋደዱት። እኔ አልወለድኩም፣ ያለኝ እሱ ብቻ ነው፤ እሷን አጥቶ ሲያዝን ማየት አልፈልግም። ሦስት ሽማግሌ ለመንን፦ የቤተ ክርስቲያናችንን ጋሽ ብሩን፣ አንድ ጡረተኛ መምህርና አንድ ጡረተኛ ፖሊስ። ሌላ መኪና ስላልነበረ ሾፌሯ እኔ ሆንኩ። በሽምግልና ሴት አትናገርም፣ ብትነዳ ግን የሚከለክላት የለም።

የሜላት አባት አቶ ሶርሳ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚናገሩ፣ ሰው ጎንበስ ብሎ እንዲሰማቸው የለመዱ ኮስታራ ገበሬ ናቸው። በመጀመሪያው ቀን መልስ አይሰጥምና እንመካከራለን፣ ሌላ ቀን ተመለሱ ብለው እስከ መኪናው ሸኙን። እኔ ቀድሜ አስነስቼ ነበር፤ ከጠፋች ያለ ግፊ አትነሳም። ሽማግሌዎቹ ገብተው እንደተቀመጡ አቶ ሶርሳ ሳይታሰብ በእኔ መስኮት በኩል አንገታቸውን አስገቡ። የአካባቢውን ቋንቋ ለማይሰሙት ለፖሊሱ ብለው ነው መሰለኝ በአማርኛ ተናገሩ።

«ላስለፋችሁ አልፈልግም፣ ሦስት ነገር ነው። ሠርጉ እዚሁ ዲምቱ ይሆናል። ልጁ ከሠርጉ በፊት መጥቶ በቆሎዬን አብሮኝ ይኮተኩታል። ሦስተኛ፣ ልጄ በዚህ መኪና አትሄድም። እሺ ካላችሁ ልጅቷ የእናንተ ናት።»

ይህን ብለው ሽማግሌዎቹን አዩ። እኔም አየሁ። ከኋላ ጋሽ ብሩና መምህሩ አንገታቸውን ወደ ላይ ወደ ታች፣ ወደ ላይ ወደ ታች ያደርጋሉ። የባሰበት ላስቲክ ከጎኔ በተቀመጡት በፖሊሱ በኩል ነበር መሰለኝ እሳቸውማ አገጫቸው ደረታቸውን እስኪነካ ነቀነቁ። አቶ ሶርሳ ደስ ብሏቸው እግዜር ይስጥልኝ አሉና ተመለሱ።

ከዲምቱ እንደወጣን ቁጣዬን ለቀቅሁት። የተቀመጣችሁባትን መኪና እዚያው ተቀምጣችሁባት አሳልፋችሁ ሰጣችኋት አልኳቸው። ሦስቱም ምን አድርገን አሉ። ለካ ከላዩ ከታቹ በሚንኳኳው ነገር አንዲት ቃል አልሰሙም። ጋሽ ብሩ የመንገድ ጸሎት የተደረገ መስሏቸው በልባቸው አሜን ሲሉ ነበር። አንገታችሁስ ስላቸው፣ አንገታችንን የነቀነቀው መኪናሽ ነው አሉኝ።

አሁን ጉድ ፈላ። የሶዶው አዳራሽ ተይዟል። ይስሐቅ ከኮምፒውተር በቀር ነክቶ የማያውቅ የቢሮ ልጅ ነው፣ መኮትኮቻ ቢሰጡት በየት በኩል እንደሚያዝ እንኳ አያውቅም። ተመልሰን እሺ ያለው መኪናው ነው እንበላቸው ብል ፖሊሱ ተቆጡ።

«እኔ በሥራ ዘመኔ ከዚህ የተሻለ ምክንያት ያቀረበ ሰው አሳስሬአለሁ» አሉኝ።

በመጨረሻ በቀጠሮው ቀን እቤት ውስጥ ሆነን ትንሽ አሻሽሉልን ብለን እንለምን፣ ጋሽ ብሩ ይጀምሩ ተባለ።

እኔን የከነከነኝ ግን ሦስተኛው ነው። በንዴት በማግስቱ ያሬድ ጋ ሄድኩ። ኮፈኑን ከፍቶ ፍሬን ይዘሽ ማርሽ አስገቢና በግራ እግርሽ የረገጥሽውን ፍሪሲዮን ትንሽ ልቀቂ አለኝ። ስለቀው ሞተሩ ከመቀመጫው ብድግ አለ። መልሼ ስረግጠው ዷ ብሎ ተቀመጠ። እኔ ወንበሬ ላይ አብሬው ነው የዘለልኩት። ያሬድ ከሥሯ ገብቶ የተተረተረውን ላስቲክ ሲያወጣ፣ ከእሱ ጋር በሽቦ የታሰረ ሌላ ነገር ወጣ። የባሌ በረባሶ ነው። አንዱ እግር ጠፋ ብለን ቤቱን ስንገለብጥ፣ የሠፈሩን ውሻ ስናማ የኖርንበት በረባሶ።

ለካ መታመሟን እሱም ያውቅ ነበር። አውቆ ጫማውን አጉርሷት ለእኔ ሳይነግረኝ ሄደ። እዚያው ጋራዡ ውስጥ ሳቅሁም አለቀስኩም። ያሬድ አዲስ ጎሚኒ አስገባላት። ሳስነሳት ድምፅዋ ከመጥፋቱ የተነሳ መብራት የሄደ መሰለኝ።

በቀጠሮው ቀን ዲምቱ ስንደርስ ሥጋ በዳጣ ቀረበ። ጋሽ ብሩ አሁን ይጀምራሉ ስል ይጎርሳሉ፣ ዋጡ ስል ደግመው ይጎርሳሉ። መምህሩ ፖሊሱን ያያሉ፣ ፖሊሱ ጣሪያውን ያያሉ። እንዲሁ ተበልቶ አለቀና ተነሳን። መኪናው ውስጥ ገብተን ሳስነሳ አቶ ሶርሳ እንደ ባለፈው በመስኮቴ ጎንበስ አሉ። ያን ቀን የተስማማንበትን እናጽና ብለው ሦስቱንም አንድ በአንድ ደገሙ።

በዚህች ጸጥ ባለች መኪና ውስጥ አንድም ቃል አላመለጠም። ሽማግሌዎቹ ሰሙ፣ ሰምተውም ደረቁ። እምቢ ለማለት ፈሩ፣ እሺም አላሉ፣ እያንዳንዳቸው ሌላው ይናገር ብለው ጠበቁ። የሦስቱም አንገት ሚስማር የተመታበት ይመስል ቀጥ አለ።

የአቶ ሶርሳ ፊት ተለወጠ። «ባለፈው እሺ ብላችሁ ነበር። ቃሉን የሚያጥፍ ቤት ልጄን አልሰድም» አሉና እጃቸውን ከመስኮቱ አነሱ።

ከበስተኋላቸው ሜላት በር ላይ ቆማለች። የያዘችው ጆግ አዘንብሎ ውሃው እግሯ ላይ ይፈስሳል፣ አታየውም። ይስሐቅ ትዝ አለኝ፤ ሶዶ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀኝ። ሦስተኛውም ነገር ትዝ አለኝ፣ መኪናዬ። መኪናዬ ከሠርጉ ትቅር ብዬ ፍሬኑን ያዝኩ፣ ማርሽ አስገባሁና ፍሪሲዮኑን ለቀቅ አደረግሁ። መኪናዋ ወደፊት ዘለለች። መልሼ ረገጥኩት፣ ወደኋላ ተመለሰች። እንደገና ለቀቅሁት። ከኋላም ከጎኔም ሦስት ሽበታም ራስ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች ማለት ጀመረ። የመምህሩ መነጽር ጭናቸው ላይ ወደቀ።

አቶ ሶርሳ ተመለሱ። ሽማግሌዎቹን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ጎንበስ አሉና እግሬን አዩ። እግሬ ተደናገጠና ፍሪሲዮኑን አንዴ ሲለቀው ሞተሩ ድርግም ብሎ ጠፋ።

«ባለፈውም አንቺ ነሽ?» አሉኝ።

«ባለፈው መኪናዋ ናት» አልኩ። ከዚህ በላይ መዋሸት አልቻልኩም።

አቶ ሶርሳ መጀመሪያ ትከሻቸው፣ ቀጥሎ ሆዳቸው፣ በመጨረሻ ድምፃቸው ሳቀ። ሜላት አባቷ እንዲህ ሲስቁ አይታ የማታውቅ መሰለኝ፣ ጆጉን ጣለችው። ዓይናቸውን ጠርገው፣ መኪና የተስማማበትን እኔ አላጸናም፣ ሠርጉ ሶዶ ይሁን፣ በቆሎውንም ራሴ እኮተኩታለሁ አሉ። ደስታዬን መቻል አቃተኝ። ደፈር ብዬ ሦስተኛውስ አልኳቸው።

«ሦስተኛው ይጸናል።»

«መኪናዋ እኮ ተሠርታለች፣ አቶ ሶርሳ።»

«መኪናውንማ አየሁት፣ ደህና ነው» አሉ ድምፃቸውን እንደ ልማዳቸው ዝቅ አድርገው። «የፈራሁት ነጂዋን ነው።»

ደግፉኝ ብዬ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞርኩ። ሞተሩ ጠፍቷል፣ እግሬም ከፍሪሲዮኑ ላይ ተነስቷል። ሦስቱም አንገታቸውን ነቀነቁ።